እንጨት ሞልቶት ምስክር ያጣው ሰው

አንድ ደን ያለው ሰው ነበረ።

መምህር እሸቴ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ በደፈናው፣ በተሰላቸ ድምፅ ነው። የቀድሞ ተማሪያቸው ልሳነወርቅ ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ ገና በቅጡ ሳይቀመጥ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ደጋገመባቸው። ልሳነወርቅ ከውጭ ነዳጅ በሚገዛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትልቅ ወንበር የያዘ ሰው ነው። ጥያቄውም ይህ ነበር፦ «ጋዝና ነዳጅ የምትሸጥ አገር፣ በወቅቱ በሚከፍላት ደንበኛ ላይ ቧንቧውን የምትዘጋው ምን ልትጠቀም ነው? የምትከስረው እሷው አይደለችም እንዴ?»

«አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ይህን እንድትጠይቀኝ ነው?» አሉት። «በል ዝም ብለህ ስማ። አንድ ደን ያለው ሰው ነበረ አልኩህ።»

የሰውየው ደን ኮረብታ ሙሉ ነው። ጽድም ባሕር ዛፍም ነበረው፤ ቢቆርጠው የማያልቅ። ከኮረብታው ሥር ያለው መንደር ግን ውርጭ በሚመታው ሜዳ ላይ የተቆረቆረ ነበርና ለአጥር የሚሆን ዛፍ እንኳ አልነበረውም። የመንደሩ ሰው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚያነደው ኩበት ነው። ሴቶቹ በበጋ እበቱን ከጭድ ጋር አቡክተው፣ በእጃቸው ጠፍጥፈው፣ በፀሐይ ያደርቁታል። ክረምት ሳይገባ ደግሞ ቆልለው ጎጆ ይሠሩለታል። ኩበት ይጨሳል፣ ዓይን ያቀላል፣ እጅ ያሸትታል። ቢሆንም ከየራሳቸው በረት የሚወጣ ነገር ነበር።

በዚህ መንደር ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ዳቦ እየጋገረች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትሸጣለች። አንዲት ልጇን በዚሁ አሳድጋ ድራለች።

አንድ ዓመት ባለደኑ አህዮቹን ፍልጥ አስጭኖ ወደ መንደሩ ወረደ። የጠራው ዋጋ ሰውን አሳቀው። ከገበያው ዋጋ ሲሶውን አይሞላም። «ጎረቤት አይደለን? ምን አጣላን?» አለ። በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ ለየቤቱ አንድ አንድ ሸክም በነጻ ያድል ነበር።

መንደሩ በአንዴ ተለወጠ። ሴቶቹ ከጭስ ተገላገሉ። እበቱ ማሳ ላይ ተበተነና የገብሱ አዝመራ አማረ። የደብሪቱም ዳቦ በፍልጥ እሳት መልኩ ቀልቶ፣ ሆዱ በስሎ ይወጣ ጀመር። ገበያ ላይ እኩለ ቀን ሳይሆን ያልቅላታል። በሦስተኛው ዓመት በመንደሩ አንድ የኩበት ጎጆ አልቀረም። ገሚሱ የጥጃ ማሰሪያ አደረገው፣ ገሚሱ አፈረሰው። ደብሪቱም የሷን ለዶሮዎቿ ሰጠች።

«ሞኞች ነበሩ እንዳትለኝ» አሉ መምህር እሸቴ። «አንተም እኔም የምናደርገውን ነው ያደረጉት።»

ከዚያ በኋላ ትንንሽ ነገሮች መታየት ጀመሩ። አንድ ሰው ድግስ ላይ በባለደኑ ኮት ቀለደ። በሳምንቱ አህዮቹ የሰውየውን ደጅ እያዩ አለፉት። ቢጠይቅ «አንዷ አህያ አነከሰች» ተባለ። ለአሥራ አምስት ቀን አነከሰች። ጎረቤቶቹ ለሰውየው እንጨት አበደሩት፤ ነገር ግን አንድም ሰው ሄዶ «ምን ማለት ነው ይሄ?» ብሎ አልጠየቀም። ቀጥሎ የመንደሩ ዳኛ ሞተና ሌላ የሚመረጥበት ቀን ደረሰ። ባለደኑ የእህቱ ባል ቢሆን ደስ እንደሚለው አስነገረ። አላዘዘም፤ ደስ ይለኛል ብቻ ነው ያለው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየና እጁን አወጣ። ደብሪቱም አወጣች። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ በራሷ ተናደደች፤ ግን ምድጃዋን ስትለኩስ ንዴቷ በረደላት።

ባለደኑ ያን ሁሉ ዓመት ያሰበው ሌላ ነገር ነበር። በኮረብታውና በወንዙ መካከል ለምለም የግጦሽ ሜዳ አለ። ሜዳው ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ንብረት ነው። ወሰኑም ከኮረብታው ግርጌ በተተከሉ ድንጋዮች የታወቀ ነበር። አንድ ጠዋት ድንጋዮቹ ጠፉ። ማን እንደነቀላቸው ሁሉም ያውቃል። ባለደኑም ወሰኑ ወንዙ ነው፣ ሜዳው የኔ ነው ብሎ ተነሳ። የማዶ ሰዎች አቤት አሉና ከሦስት ደብር የተውጣጡ ሽማግሎች እንዲያዩት ተቀጠረ። ምስክር የሚጠራው ደግሞ በመካከል ካለው ከነደብሪቱ መንደር ነው።

ቀጠሮው ሲቀርብ ባለደኑ ደብሪቱ ቤት ድረስ በእግሩ መጣ። ወሩ ሰኔ ነው። ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ መጥታ ጓዳ ተኝታለች። ደብሪቱ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠችው።

«ልጅሽ መምጣቷን ሰማሁ። በሰላም ያገላግላት» አላት። «ለአራስ ቤት የሚሆን አሥር ጭነት የደረቀ ጽድ ደጅሽ ላይ አስራግፌያለሁ። ክፍያ አልፈልግም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታው። ታዲያ ምን ልታዘዝ?»

«ሐሙስ ሽማግሎቹ ፊት ትቆሚና ወሰኑ ወንዙ ነው ትያለሽ። ሌላ ምንም።»

ደብሪቱ ጆሮዋን ተጠራጠረች። «ድንጋዮቹን ከተከሉት አንዱ የኔው ባል ነው እኮ። ምሳውን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ!»

«ለዚህ እኮ ነው ያንቺ ቃል የሚጠቅመኝ።»

«አልልም ብልስ?»

«አህዮቹ ሊታመሙ ይችላሉ» አለና ኮቱን አስተካከለ። «ወደ መንደሩ የሚወርዱት አህዮቼ በሙሉ።»

ያን ጊዜ ደብሪቱ ልክ አንተ የጠየቅኸውን ጥያቄ ጠየቀችው። «መንደሩ እንዳለ የሚገዛው ከእርስዎ ነው። አንዱም ዋጋ አጉድሎብዎት አያውቅም። እንጨቱን ቢከለክሉን የሚከስሩት እርስዎ አይደሉም?»

ባለደኑ ምንም እንደማታውቅ ሕፃን ተመለከታት። «ደብሪቱ፣ እንጨትማ ሞልቶኛል። ዘንድሮ ያልሸጥኩት ዛፍ ከርሞ ወፍሮ ይጠብቀኛል። ያጣሁት ምስክር ነው። ገንዘብ ይዤ ብመጣና በሐሰት መስክሪልኝ ብልሽ ከቤትሽ ታባርሪኛለሽ። አሁን ግን አላባረርሽኝም፤ ቁጭ ብለሽ እያሰብሽ ነው። ይህን ያህል ዓመት በርካሽ የሸጥኩላችሁ ለምን ይመስልሻል?»

 እውነትም ደብሪቱ እያሰበች ነበር። የልጇ ማቃሰት ከጓዳ ይሰማታል። በመጨረሻ «እንጨቱን ያስነሱልኝ» አለችው። እሱም «እስከ ሐሙስ ይቆይ» ብሎ ወጣ።

ሐሙስ ሽማግሎቹ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ከመንደሩ ሦስት ወንዶች ቀድመው ተጠሩ። ሦስቱም መሬት መሬቱን እያዩ ወሰኑ ወንዙ ነው አሉ። አንደኛው በልጅነቱ በዚያ ሜዳ ላይ ከማዶ ልጆች ጋር ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው። ደብሪቱ ይህን ስታይ ከፍርሃቷ ይልቅ ንዴቷ በለጠ። ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ሽማግሎቹ ፊት ቆመች።

«ወሰኑ ከኮረብታው ግርጌ ነው» አለች። «ድንጋዮቹ ሰባት ነበሩ። ባሌ ከሌሎች ጋር ሲተክል አይቻለሁ። ካላመናችሁኝ ቆፍሩ፤ ድንጋይ ይነቀላል እንጂ የተተከለበት ጉድጓድ የት ይሄዳል?»

ቆፈሩ። ሰባቱም ጉድጓድ ተገኘ። ሜዳው ለማዶ ሰዎች ተፈረደ።

ደብሪቱ ቤቷ ስትደርስ የባለደኑ ሠራተኞች ደጇ ላይ የነበረውን ጽድ እየጫኑ ነበር። ሰኞ የሚመጡት አህዮችም አልመጡም። በሚቀጥለውም ሰኞ አልመጡም። ሰማዩ ተዘጋ፣ ዝናቡ ያዘ። በክረምት ኩበት አይጠፈጠፍም፤ የሚያደርቅ ፀሐይ የለም። ባለደኑ ይህን ስለሚያውቅ ነው ወሩን የመረጠው።

መንደሩ ስብሰባ ተቀመጠ። አንደኛውን ቀን ሰውየው በእርግጥ ተቆጥቷል ወይስ አልተቆጣም በሚለው ላይ ተከራከሩ። ሁለተኛውን ቀን አህዮቹ እውነት ታመው ቢሆንስ የሚል ሰው ተነስቶ ያም ቀን በዚሁ አለቀ። በሦስተኛው ቀን በአንድ ነገር ተስማሙ። ደብሪቱ ሄዳ ይቅርታ ትጠይቅ!

ሊነግራት የመጣው ባለ ጥንድ በሬ ጎረቤቷ ነው። «ለአንድ ቃል ብለሽ መንደር አበረድሽ» አላት።

«እንጨቱን የያዝኩባችሁ እኔ ነኝ?» ብላ ጮኸች። «ኮረብታ ላይ ቁጭ ያለው ሰውዬ አይታያችሁም? እሱን ምን አላችሁት? ንገረኝ እስቲ፣ ምን አላችሁት?»

ጎረቤቷ ባርኔጣውን እያሻሸ «እሱንማ ምን ይሉታል» አለ።

እሷ እምቢ ስትል መልእክተኞች ሙክት ይዘው ወደ ባለደኑ ወጡ። ሙክቱን ተቀበለና «አስብበታለሁ» ብሎ ሸኛቸው። ያሰበውም በሳምንቱ ታየ። በሐሰት ለመሰከሩት ለሦስቱ ቤቶች ብቻ እንጨት ወረደላቸው። እነዚያም ስብሰባ መምጣት አቆሙ። ሲጠየቁ «እኛ ከማንም ጋር ጠብ የለንም፤ ነገሩ እኛን አይመለከትም» አሉ። ከጣሪያቸው ጭስ እየወጣ ሌላው መንደር ከባለደኑ በገዛው እንጨት ያጠረውን አጥር እየነቀለ ያነድ ነበር። አጥሩ ሲያልቅ የበረቱን ግርግም፣ ግርግሙ ሲያልቅ ትርፍ ሞፈርና ቀንበሩን።

የደብሪቱ ልጅ ሐምሌ አጋማሽ ላይ በጠዋት ወለደች። ሴት ልጅ ናት። ደብሪቱ ለገንፎው ውኃ ያፈላችው ዳቦ የምትደረድርበትን ቆጥ ፈልጣ ነው። በማግስቱ የባሏን አልጋ ፈለጠች። በሦስተኛው ቀን የሚፈለጥ ነገር አጣች። አራሷ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ደብሪቱ አጠገቧ ተቀምጣ «አንዲት ቃል ብዋሽ ምን ነበረበት?» ብላ አሰበች። ይህን ማሰቧ ደግሞ ይበልጥ አበሳጫት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደጇ ላይ ድምፅ ሰማች። ከወንዙ ማዶ የመጡ ስምንት ሰዎች ናቸው። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር በገመድ እየተያያዙ ነው የተሻገሩት፤ እስከ ብብታቸው ርሰዋል። ጭንቅላታቸው ላይ ግን በቆዳ የተጠቀለለ ደረቅ ኩበት ተሸክመዋል። የማዶ መንደር ለባለደኑ ሩቅ ስለሆነ እንጨት ገዝቶ አያውቅም፤ ኩበቱንም አልተወም ነበር።

«ለእኛም አይተርፈንም» አለች ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋችው። «ለአራሷ ይሁን ብለን ነው። ቅዳሜ ደግሞ እንመጣለን፣ ወንዙ ከፈቀደ።»

 ደብሪቱ ገብተው ልብሳቸውን እንዲያደርቁ በእጇ ጠቆመቻቸው።

እሳቱ ሲነድ ጎረቤት አየ። አንድ በአንድ ፍም ሊጭሩ ይመጡ ጀመር። ባለ ጥንድ በሬውም ገል ይዞ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። ደብሪቱ ገሉን መነጨቀችው። ፍም እየሞላችለት ሰደበችው፤ እስኪበቃት ሰደበችው። ከዚያ በእጁ አስያዘችውና «ቶሎ ሂድ፣ ልጆችህ ይሙቁ» አለችው። ያ ክረምት እንዲህ አለፈ። አንድ ሽማግሌና አንዲት ሕፃን በብርድ ሞቱ። የደብሪቱ የልጅ ልጅ ግን ተረፈች።

መስከረም ላይ ፀሐይ ወጣ። ደብሪቱ ዶሮዎቿን ከኩበት ጎጆዋ አስወጥታ እበት ታቦካ ጀመር። ወጣቶቹ ሚስቶች እንዴት እንደሚጠፈጠፍ እንኳ አያውቁም ነበር። ጭዱን አብዝተው ይፈርስባቸዋል፣ ውኃውን አብዝተው ይሸትባቸዋል። «እናቶቻችሁ ምን አስተማሯችሁ?» እያለች፣ እየተቆጣች አሳየቻቸው። ከማዶ ሰዎች ጋር ደግሞ ተስማምተው በወንዙ ዳር ችግኝ ተከሉ። ጥር ላይ የኩበት ቁልል ያልታየበት ደጅ ጥቂት ነበር።

የካቲት ሲጋመስ ባለደኑ ወረደ። ደኑን የሚጠብቁት ሰዎች ቀለብ ይፈልጋሉ። የቆረጠውንም ፍልጥ ምስጥ ጀምሮታል። ዋጋው ከድሮው በግማሽ ወርዷል። «ያለፈው አለፈ፤ ጎረቤት አይደለን?» አለ።

ሰዉ አህዮቹን ከበበ። ሙክት ተሸክመው ከወጡት አንዱ ገና እንጨቱን ሳይረከብ፣ የኩበት ጎጆውን አፍርሶ ቦታውን ለጥጃ እንደሚያደርገው ለጎረቤቱ ይነግር ነበር። ደብሪቱ ሰማችው።

«እናንተ ሰዎች፣ ገና ሰባት ወር ነው!» አለች ከኋላቸው። «ሁለት ሰው ቀብራችኋል! ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ያላችሁ?»

ጥቂቶቹ ዞረው አይዋት፣ አፈሩም። ሌሎቹ መግዛታቸውን ቀጠሉ። እሷም ሰው እየገፋች ባለደኑ ፊት ደረሰች። ሁሉም የምትሰድበው መስሎት ነበር። ደብሪቱ ግን «ሁለት ጭነት ይስጡኝ» አለችው።

ባለደኑ ፈገግ አለ። «ሁለት ብቻ? ተቀይመሽኛል ማለት ነው።»

«አልተቀየምኩም። ለዳቦው ፍልጥ ይሻላል፣ ስለዚህ እገዛዎታለሁ። ከሁለት በላይ ግን አልወስድም። ነገ ተነስተው ይህን በይ ቢሉኝ፣ እነዚህን ሁለት ጭነቶች ትቼ ቤቴ መግባት እችላለሁ። ከእንግዲህ ከእርስዎ የምገዛው መተው የምችለውን ያህል ብቻ ነው።»

ዋጋውን ቆጥራ ሰጠችውና አህያዋን እየነዳች ሄደች። ባለደኑ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከገዢው ሁሉ እንደ እሷ በልክ የገዙ አሥራ አንድ ቤቶች ብቻ ነበሩ። የቀሩት የኩበት ጎጆአቸውን አፈረሱ።

መምህር እሸቴ እዚህ ላይ አበቁ። 

«ጎጆአቸውን ያፈረሱት በኋላ ምን ሆኑ?» አለ ልሳነወርቅ።

«ይህን ደግሞ ልንገርህ?» አሉ መምህሩ ግንባራቸውን እያሹ። «እሺ፣ ምሳሌውን ልፍታልህ። ባለደኑ ጋዝ የምትሸጠው አገር ናት። አህዮቹ ቧንቧውና መርከቡ ናቸው። ሜዳው ደግሞ የሌላ ጎረቤት መሬት ነው፣ አለዚያም በጉባኤ ላይ የምትሰጠው ድምፅ፣ አለዚያም አይተህ ዝም የምትለው በደል። ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው አላልኩህም፤ ሸጦ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚሄድም ሞልቷል። እንዲህ ያለው ግን ቧንቧውን ሲዘጋ ከሰረ ትላለህ። አልከሰረም! የዓመታት ርካሽ ዋጋ ከፍሎ የገዛህ ለዚያች አንዲት ቀን ነው። የሚዘጋውም በበጋ አይደለም፤ ብርድ ሲገባ ነው። ለሁሉም እኩል አይዘጋም፤ ለሁለት ለሦስቱ ይለቅላቸውና እርስ በርሳችሁ ትጣላላችሁ። ከዚያ እውነት የተናገረውን ትወቅሳላችሁ። ኃይሉ የመጣው ከደኑ ብቻ ይመስልሃል? ግማሹ የመጣው ሌላ የሚነድ ነገር ካልነበራቸው ሰዎች ቤት ነው።»

ልሳነወርቅ ራሱን ነቀነቀ። «ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነቱ አትግዙ ነው የሚሉት?»

«ሴትዮዋ አልገዛችም? ስትሰማኝ አልነበረም?» መምህር እሸቴ ድምፃቸው ከፍ አለ። «መግዛት ሌላ፣ በሻጩ እጅ መያዝ ሌላ ነው። ይልቅ እኔ ልጠይቅህ። ያ ሰሞኑን የምታወራልኝ ርካሽ ውል፣ ከስንት ሻጭ ጋር ነው?»

«ከአንድ። ለሃያ ዓመት።»

«ቧንቧው ቢዘጋ ለስንት ቀን የሚሆን ነዳጅ አላችሁ?»

«ለዘጠኝ ቀን። የትልቁ ማጠራቀሚያ ግንባታ ለጊዜው ከዕቅዱ ወጥቷል። ከውሉ በኋላ አያስፈልግም ተብሎ።»

«ተብሎ? ማን ነው ያለው?»

ልሳነወርቅ ዓይኑን ሰበረ። መስኮቱን አየ፣ ጫማውን አየ። 

«ማጠራቀሚያው ከዕቅዱ ይውጣ የሚለው ደብዳቤ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ።

መምህር እሸቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «በል ተነስ። ደብዳቤውን ለማስመለስ መሥሪያ ቤትህ ሳይዘጋ ትደርሳለህ።»